ቀለህ የሚሞላ ባሩድ

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ የአባቴ ሽጉጥ አነጠሰ።

አባባሉ የአባቴ ጓደኛ የዴልማር ነው። ማክሰኞ ማታ እንደ ልማዳችን በድሮው ቅቤ ፋብሪካ ምድር ቤት የተኩስ ክበባችን ልምምድ ነበር። አባቴ ተራው ደርሶ ሲተኩስ፣ ሽጉጡ «ጧ» በማለት ፈንታ «ፕፍ» አለ። ዴልማር የጆሮ መከለያቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኦሪን፣ ይማርህ!» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የጥይቱ እርሳስ አፈሙዙ መሃል ተሰንቅሮ ቀርቶ ነበር። በእንጨት ዘንግ መትተው አወጡት። ቀለሁ ውስጥ ባሩድ አልነበረበትም ማለት ነው። አባቴ ጥይቱን የሚሞላው ቤቱ ነው፤ ባሩዱንም የሚሰፍረው ራሱ ነው። ስለዚህ ረስቶታል።

መኪና ውስጥ ሳቄ ቆመ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አባቴ ባዶ ቀለሆቹን በእንጨት ሰሌዳ ላይ እንደ እንቁላል ይደረድርና በየተራ በመስፈሪያው ይጨምርባቸዋል። አንዱ ሳይደርሰው ከቀረ፣ ድርሻው የት ገባ? ምናልባት ጎረቤቱ ሁለት ጊዜ በልቷል።

የተረፈውን ሳጥን «ለደንበኛ ላሳይበት» ብዬ ተቀብዬው ነበር። ሱቄ ገብቼ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ከበደ። ፈታሁት። ሁለት እጥፍ።

ካፖርቴን ሳላወልቅ ባሩዱን ሦስት ጊዜ መዘንኩት። ማሞቂያውን ዘግቼ ነበር የወጣሁት።

ማርች 5፣ ረቡዕ

ነገሩን ለራሴ በደንብ ልጻፈው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተጠቀመበት ባሩድ ደቃቅ ነው፤ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። ከተማው ሁሉ «ቁንዶ» ነው የሚለው። ጥሩ ባሩድ ነው። አፈሙዝ አያቆሽሽም፤ አንድ ጣሳ ብዙ ያስኬዳል። የምሸጥለትም እኔ ነኝ። ችግሩ ትክክለኛው ልክ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አለመሙላቱ ነው። በላዩ ላይ ሌላ ልክ ቢደረብበት ቀለሁ ዝም ብሎ ይውጠዋል፤ ከላይ ሲያዩት ያው ጥቁር ጉድጓድ ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሳሱን ከመድፈን በፊት መብራት ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቀለህ ማየት።

ይህን ለከተማችን ለሄክላንድ ሰው ሁሉ ያስተማረው አባቴ ነው። «ዓይን ያላየውን እጅ አይድፈነው» ይላል። አሁንም መብራቱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ማለቱን አይቻለሁ። ማየቱን ግን እንጃ።

ሁለት እጥፍ የበላ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ እዚያው እጅ ላይ ይበታተናል። መጀመሪያ የሚሄዱት ጣቶች ናቸው። ከጣቶቹ ጀርባ ደግሞ ፊቱ አለ።

ታዲያ ሂጂና «ዓይንህ ደክሟል» በዪው የሚል ሰው የእኛን አገር አያውቅም። የዴልማር ጎተራ በእሳት የተያያዘ ጊዜ ጎረቤታቸው ስልክ ደውሎ መጀመሪያ የጠየቃቸው ስለ ዝናቡ ነው። አባቴንማ «ዓይንህ» ያልኩት እንደሆነ፣ ጥይት የሚደፍንበትን መጭመቂያ ነቅሎ ለሰው ይሰጥና ቁጭ ይላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምሽት ሥራው ይኸው ጥይት መሙላት ብቻ ነው። መጭመቂያውን ከምድር ቤት አውጥቶ ማእድ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ በእሷ ወንበር በኩል አስሮታል።

ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። ጉዳዩ የንግድ ነው። ባሩዱ የወጣው ከእኔ ሱቅ ነው።

መፍትሔው መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ሰፋፊ፣ ቀላል፣ ገለባ የመሰለ ባሩድ አለ። ወንዶቹ ሲያፌዙበት «አጃ» ይሉታል። የአምራቹን መጽሐፍ አገላብጬ አየሁ፤ ለአባቴ ሽጉጥ ይሆናል። ያጨሳል፣ ያቆሽሻል፣ ጣሳው ቶሎ ያልቃል። ግን አንዱ ልክ ቀለሁን እስከ አፉ ድረስ ይሞላዋል። ሁለተኛውን ልጨምር ያለ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል። ዓይን ባያየው እጅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው፤ ምክንያቱን ሳልነግረው አባቴን ከቁንዶ ወደ አጃ ማሻገር።

ማርች 6

ሱቁ ሰው በሰው ነው። አባቴ ቀለም ሊገዛ ሲመጣ አጃውን ጣል አድርጌ አነሳሁለት።

«አጃ ለፈረስ ነው» አለኝ።

ከዚያ አንድ የቀለም ቆርቆሮ አቀበለኝ። «እስቲ አንብቢልኝ። ፊደሉን አሳንሰውታል፤ ቀለም ለመቆጠብ ይሆናል።»

አነበብኩለት። ፊደሉ የአውራ ጣቴን ያህላል።

ማርች 9፣ እሑድ

ሞኝነት ሠራሁ። ወደ አጃው እስኪሻገር ድረስ ብዬ፣ ትናንት እሱ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወርድ የሞላቸውን ሳጥኖች ወሰድኩ። መዘንኳቸው፤ የጠረጠርኳቸውን ፈትቼ በደንብ ሞላሁና መለስኩ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። አንዱን ጥይት በሁለት ጣቱ መሃል እያሽከረከረ ተቀምጧል።

«ይሄ አፍ የእኔ አይደለም» አለ።

«የምን አፍ?»

«የቀለሁ አፍ። እኔ እንዲህ አላጠብቅም። ይሄ አንቺ የምታጠብቂው ነው።»

«እርጥበት ይሆናል፣ አባዬ።»

«እርጥበት» አለ። ድንችና ሥጋውን ቆረሰ። ጣቶቹ ምንም አልሆኑም። ጣቶቹ ካሉለት ብዙ ነገር አለው፤ ነገሩ ሁሉ እነሱን ማትረፍ ነው።

ማርች 11

ማታ ተኝቼ ስገላበጥ አንድ ነገር መጣልኝ።

በእኛ አገር ሳህን ላይ የቀረውን የመጨረሻ ኩኪ የሚያነሳ የለም። ነውር ነው። አንዱ ይቆርሰዋል፣ ግማሹ ይቀራል፤ ሌላው ግማሹን ይቆርሰዋል፤ በመጨረሻ ጥፍር የምታህል ፍርፋሪ ሳህኑ ላይ ትቀመጥና ሁሉም ከበው «ኧረ አንተ ብላው» ሲባባሉ ያመሻሉ። ጣሳ ባሩድ ደግሞ አይቆረስም፤ የመጨረሻዋን ጣሳ የሚነካ አይኖርም።

ስድስት ጣሳ ቁንዶ ነበረኝ። አምስቱን ከወፍ እህሉ ጆንያ ጀርባ ቀበርኩ። አንዷን መደርደሪያው መሃል አስቀመጥኳት። ዘንድሮ እጥረት ስላለ የሚጠረጥረኝ የለም። አባቴ እንደሌሎቹ አያከማችም፤ «ሱቅ ያላት ልጅ ያለችው ሰው ካከማቸ፣ ልጁን አላመናትም ማለት ነው» ይላል። ቤት ያለችው ጣሳም ልታልቅ ነው።

ማርች 14፣ ዓርብ

መጣ። አባቴ መደርደሪያው ፊት ቆመ። ቆየ።

«አንድ ቀርቷል» አለ።

«አንድ ቀርቷል።»

«ከፋብሪካ አልላኩም?»

«እጥረት ነው፣ አባዬ። ውሰደው እንጂ።»

«የለም፣ የለም። የሚፈልገው ሰው ይኖራል።»

«አንተ ትፈልገው የለ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለና አንድ አምፖል ገዝቶ ሄደ። ከሁሉ የሚበራውን መርጦ።

ማርች 18

ዕቅዱ ከሚገባው በላይ ሠራ። ዴልማር መጥተው ጣሳዋን አዩ፣ ዞር አሉ፣ ተመልሰው አዩ፣ አቧራዋን በእጅጌያቸው ጠርገው መልሰው አስቀመጧት። ቄሱ መጥተው አንስተው መዘኗት፤ እንደ ሕፃን ዳበስ አድርገው ተዉአት። አንድ የማላውቀው እንግዳ ሊገዛት ሲል አምስት ወንዶች እኩል አፈጠጡበት። ምስማር ገዝቶ ወጣ።

አምስት ጣሳ ሸሽጌ አንዱንም ሳልሸጥ ቀረሁ። ነጋዴ ነኝ እላለሁ።

ማርች 20

ቬርና፣ የዴልማር ሚስት፣ የወፍ እህል ሊገዙ መጡ። ጆንያውን ራሴ ሮጬ አወረድኩላቸው።

«ማርሊስ፣ ባሌ ታሟል መሰለኝ» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ምድር ቤት ገብቶ ከጣሳ ጋር ያወራል። ኦሪን ባሩድ አልቆበት የመጨረሻዋን አልነካም አለ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ለካስ ያ የተቆለፈው ሣጥን ባሩድ ኖሯል! እኔ እስከ ዛሬ የድንች ዘር ይመስለኝ ነበር። ትናንት ከፍቶ ‹አንቺ ሂጂ፤ አንቺን አልችልም› እያለ ሲመርጥ ሰማሁት።»

ዴልማር በሕይወታቸው ለማንም ባሩድ ሰጥተው አያውቁም። በከባዱ እጥረት ዓመት እንኳ፣ ምድር ቤታቸው እስከ ጣሪያው ሞልቶ፣ «የለኝም» ብለው ምለዋል። አሁን ደግነት የሚይዛቸው ቀን አጡ?

ማርች 22፣ ቅዳሜ

የፈራሁት ደረሰ። የፈራሁት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

በአባቴ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባሩድ የተሞሉ ሦስት ብልቃጦች ተደርድረዋል። አንዱ የማዮኔዝ፣ ሁለቱ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ብልቃጥ ነበሩ። የማዮኔዙ የዴልማር ነው። ሁለቱን ማን እንዳመጣቸው አይታወቅም፤ እንደ ተጣለ ሕፃን ሌሊት በረንዳ ላይ ተትተው ተገኙ። አንዱ ላይ በእርሳስ «ቁንዶ ይመስለኛል» የሚል ተለጥፏል።

ይመስለኛል!

ሁለት እጥፍ ከመስፈር የሚከፋ አንድ ነገር ቢኖር ምን እንደሆነ የማይታወቅ ባሩድ መስፈር ነው። አባቴ ግን ደስ ብሎት እያሽከረከራቸው ነው። ሰው አስታወሰው።

«አባዬ» አልኩት፣ «ስሙ የጠፋ ባሩድ ወዴት ይሄዳል?»

ብልቃጦቹን ማሽከርከር አቆመ። ሕጉ የራሱ ነው፤ በየዓመቱ ለጀማሪዎች የሚያስተምረው። ስሙ የጠፋ ባሩድ ወደ አበባ አልጋ ይሄዳል፤ ለመሬት ጥሩ ማዳበሪያ ነውና።

«ዴልማር ስሙን ነግሮኛል» አለ።

«ዴልማር ባለፈው ሳምንት ቬርናን በእህቷ ስም ጠሯት።»

ሳቀ። ሊስቅ አልፈለገም ነበር። ተነስቶ ካፖርቱን ለበሰ፣ ሦስቱን ብልቃጥ ታቅፎ ወጣና በእናቴ አበባ አልጋ ላይ ነሰነሳቸው። በረዶው ገና አልቀለጠም። የተቀቀለ እንቁላል ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ መሰለ።

ያን ጊዜ የዴልማር መኪና መጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቆይቶ፣ ቆይቶ አለፈ።

ማርች 23

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዴልማር ከእኛ ሦስት አግዳሚ ወደ ኋላ ተቀመጡ። ሲወጡ አባቴን «አየሩ ጥሩ ነው» አሉት። ከዚህ የባሰ ስድብ በሄክላንድ አይታወቅም።

አባቴ ባሩድ የለውም። ጓደኛም የለውም። ሁለቱንም ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ጣቶቹ ግን ዐሥሩም አሉ። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ማርች 25

ትናንት ቬርናን ሱቅ ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ስለ ዓይኑ ሳይሆን ስለ ብልቃጦቹ። «ስም ስላልነበራቸው ነው» አልኩ። ቬርና ሄደው ለዴልማር ነገሯቸው። ዴልማር በስልክ ጮኹብኝ።

«ስም የለውም? አለው እንጂ! የፃፍኩበትን ክዳን ለእንጆሪ ማርማላታ ያዋለችው ማን ሆነና!»

ከበስተ ጀርባ የቬርና ድምፅ፦ «ክዳን ክዳን ነው!»

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ከማርማላታ ሌላ ወሬ አልነበረም። ወቀሳው ግን ከአባቴ ላይ ወረደ። ዛሬ ማታ ክበቡ ምድር ቤት ውስጥ ዴልማር አጠገቡ ቆመው ነበር። አባቴ አልተኮሰም። «ትከሻዬን» አለ።

ትከሻውን ምንም አላመመውም።

ማርች 31፣ ሰኞ

ሱቅ ልዘጋ ስል አባቴ መጣ። አጃው መደርደሪያ ፊት ቆመ። ወደ እኔ ሳይዞር፦

«በጋ ላይ የጀማሪዎች ትምህርት አለ።»

«አዎ፣ አለ።»

«ጀማሪ ደግሞ ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል።»

«ለጀማሪ ቀለህ የሚሞላ ባሩድ ነው የሚሻለው። ሲያጠፋ ይታየዋል። አንቺ ይህን ለደንበኞችሽ ልትነግሪያቸው ይገባ ነበር፤ ሱቅ ይዘሽ።»

«ልክ ነህ፣ አባዬ። አላሰብኩትም።»

«አስቢው እንጂ። መጽሐፉን አምጪና ልኩን አንብቢልኝ። ለተማሪዎቹ እንድነግራቸው።»

አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። በመስፈሪያው ላይ እንዳስተካክልለትም ጠየቀኝ፤ ሚዛኔ ከእሱ ይሻላል አለ። አስተካከልኩለት።

«ተማሪዎቹ ስንት ናቸው?» አልኩት።

«ገና አልተመዘገቡም» አለና ጣሳውን ይዞ ወጣ።

ኤፕሪል 4

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

በቤቱ በኩል አለፍኩ። ወደ ፖስታ ቤት ስሄድ ነው። ፖስታ ቤቱ በሌላ በኩል ነው፣ ግን ያኛው መንገድ ጭቃ ነበር። ስመለስም ጭቃ ነበር። ማእድ ቤቱ ውስጥ ያ አዲሱ አምፖል ይበራል፤ ከመንገድ ላይ ሆኜ ዓይኔን ወጋኝ።

ጠረጴዛው ጋ ጎንበስ ብሎ ነበር።

ብዙ ቆሜ አላየሁም።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት አባቴ የአጃውን ጣሳ ይዞ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ዷ አደረገው። ቬርና ከአትክልት ዘር መደርደሪያው ጀርባ ነበሩ፤ ዘር መምረጣቸውን አቆሙ።

«ይህ ባሩድ የማይረባ ነው» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ይፈሳል።»

«እንዴት ይፈሳል?»

«እኔ ምን አውቄ! እሰፍራለሁ፣ ይፈሳል። እሑድ ማታ አንድ ጊዜ። ትናንት ሁለት ጊዜ። የጠረጴዛ ልብሱ፣ ወለሉ፣ ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ፈሶብኝ አያውቅም!»

ሦስት ጊዜ። በሁለት ምሽት።

አፌን ከፍቼ የነጋዴ ነገር ለመናገር ፈለግሁ። «ጣሳው ይሆናል» አልኩ በመጨረሻ። «መልሰው። ገንዘብህን እሰጥሃለሁ።»

እጁ ጣሳው ላይ ነበር። አላነሳውም።

«ልመልሰው አላልኩም» አለ። «ይፈሳል ነው ያልኩት።»

«እሺ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ አንድ መኪና ቆሟል። ምናልባት አየው፤ ምናልባት አላየውም። በአውራ ጣቱ የጣሳውን ክዳን ዙሪያውን ዳሰሰ።

«በቁንዶው ጊዜ አይፈስም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አይፈስም ነበር።»

«አንድም ጊዜ።»

«አዎ፣ አባዬ።»

እኔ የምስማር ሳጥኖች አስተካከልኩ። የተስተካከሉ ነበሩ። ቬርና ከመደርደሪያው ጀርባ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም፤ ቬርናን እንዲህ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ለዕቃ ቢስማርክ የምትወርጂው መቼ ነው?» አለኝ አባቴ።

እኔ ለዕቃ እስከ ቢስማርክ ከተማ አልሄድም። ዕቃዬን በጭነት መኪና ነው የሚያመጡልኝ። ይህን ያውቃል፤ ሲያወርዱ እየቆመ ያያል።

«ሐሙስ» አልኩት።

«ሐሙስ። እዚያ ዕቃው ጋ... የዓይን ሐኪም አለ ይላል ዴልማር። የቬርና እህት አንድ ዓይኗ ላይ ሞራ ሲያበቅል የገፈፈላት እሱ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«መነጽሬ ትንሽ ሳይላላ አልቀረም። ማጥበቅ አይከፋም።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ። መንገዱ ለብቻ ይሰለቻል።»

«አንቺን ካላስቸገርኩሽ» አለ። ጣሳውን በብብቱ ይዞ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «አጃውን ግን አንድ ሌላ ጣሳ አስቀምጪልኝ» አለኝ። «ፈሶ እያለቀ ነው።»

ቬርና ከጀርባው ወጡ፤ በእጃቸው ሦስት ፓኬት የካሮት ዘር፣ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሐሙስ እኔም ቢስማርክ ክር እፈልግ ነበር» አሉ።

«መኪናው ሞልቷል» አልኳቸው።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቀጠሮ ተገኘለት። ከዚያ «ሐሙስ ዝግ ነው፤ ዕቃ ለማምጣት» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። እስከ ምሽት ድረስ አራት ሰው ምን እንደማመጣ ጠይቆኛል።

እንግዲህ ሐሙስ ከቢስማርክ ይዤ የምመለሰው ዕቃ መፈለግ አለብኝ።